ጓዴ የቆፈረው ኩሬ

ወንድሜ ጓዴ ሞኝ አይደለም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ዓመት ቢቸና ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ከእኔ በቀር ስላልነበረ ነው። እህል ነጋዴ ነው። ጤፍ በመዳፉ ዘግኖ እፍ ካለበት ከየትኛው አገር እንደመጣ ይነግራችኋል፤ ከደጀን እስከ ሞጣ ያለ ደላላ እሱን ሲያይ ሚዛኑን ያስተካክላል። እንዲህ ያለ ሰው በአንዲት ሴት ሳቅ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ እኔ እህቱ ምን ላድርግ?

ሴትየዋ ይርጋነሽ ትባላለች። ሞጣ ገበያው ዳር ምግብ ቤት አላት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ጓዴ እህል ይዞ ሞጣ በሄደ ቁጥር ምሳው እዚያ ነው። እሱም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚሰማው እኔ ስቆጣ ብቻ ነበር። እኔ ታላቁ ነኝ፤ ስሜነሽ እባላለሁ። ባሌ ሲሞት ወደ ወንድሜ ቤት ገብቼ ወጡንም ቁጣውንም ሳላጓድል አኖርሁት። ግን በቁጣ ቤት አይሞቅም። ሲበላ ዝም፣ ሲወጣ ዝም፣ ሲገባ ዝም። “አምላኬ፣ ከዚህ ዝምታስ እብደትም ቢሆን ስጠው” ብዬ የጸለይኩት እኔው ነኝ። አምላክ ደግሞ አንዳንዴ የለመኑትን ሳያጓድል ይሰጣል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሞጣ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ቁጭ እንኳ ሳይል፣ “እትዬ፣ ይርጋነሽን ጠየቅኋት” አለኝ።

“ሽማግሌ ሳትልክ? አንተ አሳዳጊ የበደለህ!”

“አሳቧን ልወቅ ብዬ ነው።”

“ታዲያ ምን አለችህ?”

“‘እኔ ያደግሁት ዓባይ አፋፍ ላይ ነው፤ ሁዳዴን ያለ ዓሣ ጾሜ አላውቅም። እርስዎ ግቢ ውስጥ ዓሣ የዋኘ ዕለት ሽማግሌ ይላኩ’ አለችኝ” አለና እጁን አፋተገ።

ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ሴት አይደለሁ? እኛ እምቢን ራቁቱን አንሰድም፤ አልብሰን፣ ስንቅ ቋጥረን ነው የምንሸኘው። ቢቸና ደጋ ነው። አብዛኞቻችን ዓሣ የምናውቀው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዮናስን ሲውጥ ነው። “ጓዴ፣ የኔ ወንድም፣ ይህ እምቢታ ነው” አልኩት በደግነት፤ ለእኔ ደግነት ቀላል እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

“የለም እትዬ፤ ቀጠሮ ነው” አለኝ። በማግስቱ ዶማ ይዞ ጓሮ ገባ።

ጓሯችን ውስጥ ከድንጋይ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለች፤ ጎመንና ጌሾ እናጠጣባታለን። ከእሷ ግርጌ ኮቱን አውልቆ መቆፈር ጀመረ። ሠራተኛ አያጣም ነበር፤ ግን “በገዛ እጄ ካልሆነ” አለ። ኅዳርን ቆፈረ፤ ታኅሣሥን ቆፈረ። ጎረቤታችን አምባቸው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “ጓዴ፣ ጎተራ ነው ወይስ መቃብር?” ይለዋል። “ባሕር ነው” ይላል ወንድሜ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። እኔም ከወጥ ቤት ሆኜ ጉድጓዱን እረግማለሁ፤ ጭቃው እስከ መኝታ ቤት ገብቷላ!

የነፍስ አባታችን አለቃ ወልደ ኪዳን እንኳ መምጣት ነበረባቸው። አለቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከአፋቸው የሚወጣውን ነገር ሁሉ ሰው ይፈራዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩትና፣ “ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?” አሉት።

ጓዴ ላቡን ጠረገ። “አባቴ፣ እኔኮ የምጎረጉረው ዓሣ ላስገባ እንጂ ላወጣ አይደለም።”

አለቃ እጃቸውን አንስተው ባረኩት። ጢማቸው ውስጥ እየሳቁ ሄዱ።

ጉድጓዱ ውኃ እንዲይዝ ጓዴ የሸክላ አፈር ደለደለበትና እንደ ጤፍ ማሳ በበሬ አስረገጠው። ከዚያ የምንጯን ውኃ ለቀቀበት። ቀስ በቀስ ሞላ። ወንዶቹ “የጓዴ ባሕር” እያሉ ሊስቁ መጥተው ዳሩ ላይ ቁጭ ብለው ይቀራሉ፤ ውኃ ሲያዩት ደስ ይላል። ጥር አጋመሰ። ጓዴ አሁን ቀን ይቆጥር ጀመር፤ ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ደግሞ የሴት አሳብ ባለበት አይቆይም። ዓሣው ከጾሙ በፊት ኩሬው ውስጥ መግባት ነበረበት።

ሞጣ ሊሄድ ሲነሳ፣ “ያቺን ቀጠሮ ሰጪ በዓይኔ ካላየሁ አልቀርም” ብዬ አብሬው ወጣሁ። ሁለቱን ትልልቅ የጠላ ጋኖቼን በግራዋ አጥቤ ይዤ ነበር። መኪናው የፋንታ ነው። ፋንታ ከደጀን ሞጣ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከሚጭነው እህል የሚጭነው ወሬ ይበልጣል።

ዓሣውን ያመጣልን ወልደ ሰንበት የሚባል የሞጣ ሰው ነው። ዓባይ በረሃ ወርዶ አጥምዶ፣ ውኃ በሞላው ስልቻ በበቅሎ ጭኖ ማለዳ ደረሰ። ቶሎ ቶሎ ወደ ጋኖቹ ገለበጠው። ትልቁም ትንሹም እየተንደባለለ ገባ፤ የጋን ሆድ ጨለማ ነውና ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ እኔም አላየሁ፣ ጓዴም አላየ። ወንድሜ ግን ጆሮውን ጋኑ ላይ ለጥፎ፣ “ይላወሳል! እትዬ፣ ይላወሳል!” እያለ ሲጮህ ገበያው ሁሉ ቆሞ አየን።

ይርጋነሽም እጇን እያደራረቀች ከቤቷ ወጣች። ጠይም፣ ሞላ ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋም አብሮ የሚስቅ ሴት ናት። “አቶ ጓዴ፣ ጠላ ሊነግዱ ነው?” አለችው ጋኖቹን አይታ።

“ዓሣ ነው” አላት።

ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። “እውነትም ቆፍረዋላ?” አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝና ተመልሳ ገባች። እኔ ልቆጣት የመጣሁ ሴት አንድ ቃል ሳልናገር መኪና ላይ ወጣሁ። ያሳፍራል።

ጆንያው ላይ የተሳፈርነው እኔ፣ ጓዴ፣ ዘመድ ሊጠይቁ ሞጣ ሰንብተው የሚመለሱት አለቃ ወልደ ኪዳን፣ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄዱ ሴቶችና ድሬሰር ኃይለ ጊዮርጊስ ነበርን። ኃይለ ጊዮርጊስ ቁስል ሊያክም፣ መርፌ ሊወጋ ከሐረር ቢቸና ክሊኒክ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። መኪናው ገና ከሞጣ ሳይወጣ ጋኑ ውስጥ ያለው መንፈራገጥ እየደከመ ሄደ። ጓዴ ከንፈሩ ደረቀ።

“ውኃው አየር አጥቶ ነው” አለ ድሬሰሩ። “ዓሣም እንደኛው ይታፈናል። አየር እንስጠው።” ከሣጥኑ ረጅም ቀጭን ጎማ አወጣ። ጎማው በሌላ ጊዜ ለምን እንደሚያገለግል አልጠየቅነውም፤ እሱም አልነገረን። አንዱን ጫፍ ጋኑ ውስጥ ነከረና በሌላው ጫፍ ነፋ። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ! ጋኑ ውስጥ አንድ ነገር በጅራቱ መታ። ሁላችንም እልል አልን።

ከዚያ ወዲያ ተራ ገባን። ድሬሰሩ ሲደክመው ጓዴ፣ ጓዴ ሲደክመው እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ የደብረ ወርቅ ሴቶች። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ በጎማ ጋን መንፋት ምን እንደሚያደርግ ያልሞከረው አያውቀውም። ጥቂት ስትነፉ ጆሮ ይጮሃል፤ ጨመር ስታደርጉ ዛፉ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ያስቃል። አንደኛዋ ሴት ጎማውን ከአፏ አውጥታ፣ “ኧረ ይህ ከአረቄ ይብሳል!” ብላ ጆንያ ላይ ወደቀች። ድሬሰሩ ቆቡ ነፋስ ወስዶት አላወቀም። ወንድሜ፣ ያ ዝምተኛው ወንድሜ፣ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈው ነበር።

አለቃ ብቻ መቋሚያቸውን አቅፈው ፊታቸውን አዙረው ነበር። “ለማኅሌት ያልበቃኝን ትንፋሽ ለዓሣ አልሰጥም” አሉ። ጋኑ ግን እንደገና ጸጥ ሲል ጓዴ ሲያያቸው አላስቻላቸውም። “እስቲ አምጡት፤ እሱም ፍጥረት ነው።” ጎማውን በነጠላቸው ጠርገው ያዙ። የአለቃ ትንፋሽ የዜማ ትንፋሽ ነው፤ አንዴ ሲሰዱት ጋኑ እንደ ከበሮ ድም ድም አለ። ሰዱት፣ ደገሙት፣ አልለቅም አሉ። በመጨረሻ ጎማውን ሲለቁ ዓይናቸው ተንከራተተ፤ ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ መቋሚያቸውን አንስተው በከፍተኛ ድምፅ ማዜም ጀመሩ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ እልልታው ቀለጠ። መንገድ ዳር ጤፍ የሚወቁ ገበሬዎች ሠርገኛ መስለናቸው እነሱም አገዙን። “ሙሽራዋ የት አለች?” ብሎ አንዱ ጮኸ።

ፋንታ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ “ጋን ውስጥ ናት!” አለው።

በየወንዙ እየቆምን ውኃ እየለወጥን፣ እየነፋን፣ እየሳቅን ቢቸና ገባን። ቢቸና ወጥቶ ጠበቀን፤ አምባቸው አጥሩን አፍርሶ መንገድ ሠራልን። ጋኖቹን ኩሬው ዳር አድርሰን ቀስ ብለን አዘነበልናቸው።

መጀመሪያ ብርማ ብርማ ዓሣዎች ወጡ፤ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ከጋኑ ሥር ጥቁር፣ ራሰ ሰፊ፣ ባለ ጢም ነገር ተምዘግዝጎ ወጣና ውኃውን በጅራቱ መትቶ ሰመጠ። ሌላም ተከተለው። ሌላም። “አምባዛ!” አለ ድሬሰሩ፤ ከዚያም ግንባሩን ያዘ። “አምባዛ እኮ... ከውኃው ብቅ እያለ አየር በአፉ የሚጎርስ ዓሣ ነው። የኛ ትንፋሽ ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር።”

አንድ አፍታ ተያየን። ከዚያ የሳቁን ነገር አልነግራችሁም። አለቃ በመቋሚያቸው መሬት እየወጉ፣ “ሳንባዬን! ሳንባዬን ለማይፈልገው!” እያሉ ሳቁ። እየሳቁ ጎንበስ ብለው አንዱን ዓሣ ከውኃው ዳር ተመለከቱት። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

“ቅርፊቱስ?” አሉ።

ድሬሰሩ፣ “የለውም አባቴ። አምባዛ ቆዳው ለስላሳ ነው” አላቸው።

“እንግዲያ አይበላም። ኦሪት የፈቀደችልን ክንፍም ቅርፊትም ያለውን ነው። እኛ አገር ይህን ማን አፉ ያገባል?” አሉ። ቢቸና አንገቱን ደፋ፤ እውነት ነው፤ ማንም አያገባም።

ጓዴ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነበር። “አባቴ፣ ይዋኛል እኮ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።”

“ልጄ፣ ይዋኛል ብዬ እመሰክራለሁ። ግን ሴትየዋ ያለ ዓሣ አልጾምም ብላለች። ደጇ ቆሜ ‘ዓሣ አለው’ ልበልና ጾሙ ሲገባ ይህን ልታቀርብላት ነው? ወይስ ስትጠይቀኝ ዝም ልበል?”

ወንድሜ ኩሬውን አየ፤ አለቃን አየ። “የለም” አለ። “አልዋሻትም።” ገብቶ ተኛ።

ሌላ ዓሣ ለማምጣት ጊዜ አልነበረም፤ ወልደ ሰንበት በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ጾሙ ይገባል። ድሬሰሩ ደግሞ ቢመጣም እንኳ አምባዛ ትንንሹን ዓሣ ይውጣል አለ። ጓዴ ተመልሶ ዝም አለ። ሲበላ ዝም፣ ሲወጣ ዝም። የበፊቱ ዝምታ ሐዘን ነበር፤ ይኼኛው ግን እንደ ተዘጋ በር ነው። ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ። አሁን ካልሳቀ ከእንግዲህ አይስቅም አልኩ። ጧት ጧት ኩሬው ዳር እየሄድኩ እነዚያን ባለ ጢሞች እሰድባቸዋለሁ። እነሱ ደግሞ አየር የሚጎርሱት ሌሊት ነው መሰለኝ፣ ደፍርሶ ከሚታየው ውኃ ወጥተው እንኳ አይሰሙኝም። ከየመንደሩ የጓዴን ዓሣ ሊያይ የሚመጣው ሰው፣ “ላም አለኝ በሰማይ” እያለ ይመለሳል።

ፋንታ ግን አፉ አላረፈም። ቢቸናዎች ጋን እየነፉ አምባዛ ማምጣታቸውን ከደጀን እስከ ሞጣ ላላየ ሁሉ አሳየ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መኪናው በራችን ላይ ቆመ፤ ከጋቢናው ይርጋነሽ ወረደች። ነጭ ለብሳለች።

“ወደ ደጀን ስሄድ መኪናው ተበላሸና...” አለች።

የመኪናው ሞተር እየጮኸ ነው። ፋንታ ሰማዩን ያያል። “አይ፣ አይ፣ መኪና አይታመንም” አልኳትና ወደ ጓሮ ይዣት ገባሁ።

ዳሩ ላይ ቆመች። ውኃው ጠላ መስሎ ረግቷል። አንዲት አረፋ እንኳ የለችም። “የታለ?” አለች።

“አለ።”

“የት?”

ምን ልበላት? ቂጣ ቆርሼ ወረወርኩ፤ ተንሳፈፈ። ጎረቤት በአምባቸው አጥር በኩል ይጎርፍ ጀመር፤ ፋንታ መለከት ነፍቶ ይሁን አላውቅም፤ አለቃም ደረሱ፤ ድሬሰሩም መርፌውን ጥሎ መጣ። ጓዴ ከገበያ እየሮጠ ገባ። አዲሱን ኮቱን ለብሷል። እሷን አየ፤ ውኃውን አየ።

“ሰዉ ‘ዓሣ የለም’ እያለ ነው” አለችው።

ወንድሜ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ጋቢውን ከትከሻው ሳበና ኩሬው ውስጥ ገባ፤ እስከ ወገቡ። ጋቢውን እንደ ወንፊት እየጎተተ ከዳር ዳር ይሄዳል፤ አንድ ነገር እግሩ ሥር ሲያልፍ ይዘላል፤ ይወድቃል፤ ጭቃ ተፍቶ ይነሳል። “በግራህ! በግራህ!” ይላሉ አለቃ። አምባቸው ሊያግዘው ገባና ተንሸራትቶ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ድሬሰሩ አምባቸውን ሊያወጣ ገባ። ሦስት ጎልማሳ ሰዎች አንድ ጋቢ ይዘው ይጋፋሉ፤ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ይጮሃል። እኔ ሳቄን ልይዝ ከንፈሬን ነክሼ ደማሁ። በመጨረሻ ጓዴ ተንበረከከና ጋቢውን ጠቅልሎ ተነሳ። ውስጡ አንድ ነገር ይወራጫል። እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ይርጋነሽ መጣና ገለጥ አደረገው፤ ባለ ጢሙ ብቅ አለ።

“ይኸው” አለ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። “ይዋኛል። ግን አልዋሽሽም፤ አምባዛ ነው፤ አይበላም። ለጾምሽ አይሆንም። ሌላውን ለማምጣት ሞክሬ መንገድ ላይ ሞተብኝ። ያለኝ ይኼ ነው።”

ይርጋነሽ አምባዛውን አየች፤ ጓዴን አየች፤ ከጆሮው ላይ የተንጠለጠለውን የጭቃ ክር አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ጀመረ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አልሆነም፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ጓዴም ሳቀ። እሱ ሲስቅ አምባዛው አመለጠና ዘሎ ገባ።

“ጓዴ፣ ውጣ፤ ብርድ ይመታሃል” አለችው። ‘አቶ’ዋ ቀርታለች። “ደግሞ ሽማግሌህን ላክ።”

“አምባዛ ነው እኮ!”

“ሰምቻለሁ!”

አለቃ ወደ ፊት መጡ። “እንግዲያማ ልጄ፣ አንቺም እዚሁ ነሽ፣ እኛም እዚሁ ነን፤ እዚሁ እንጨርሰው።”

ይርጋነሽ ከጭቃው ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። “አባቴ፣ እኔኮ ሜዳ ላይ የተገኘሁ አይደለሁም። አጎት አለኝ። በወጉ ደጄ መጥታችሁ ትጠይቁኛላችሁ።”

ወግ ነው፤ ምን ይባላል? ፋንታ መኪናውን ወደ ሞጣ አዞረ። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበትና አለቃ፣ ገና ውኃ የሚንጠባጠበው አምባቸው፣ ሦስተኛ ሲጠፋ ደግሞ ጢም ያላወጣው ድሬሰር ተጫኑ፤ እኔም ከኋላቸው ወጣሁ። ለምኖ የሚወስዳት ሽማግሌና ተለማኟ ሴት በአንድ መኪና፣ በአንድ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሞጣ ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጓዴ አይሄድም፤ ደንቡ አይፈቅድም። አቧራው እስኪውጠን ድረስ መንገዱ መካከል ቆሞ እጁን ያውለበልባል።

ሞጣ ስንደርስ ይርጋነሽ ፈጥና ወረደች። “ትንሽ ቆዩ፤ እኔ ቀድሜ ልግባ” ብላ በጓሮ በኩል ዞረች፤ እኔም ተከተልኳት። ሽማግሌዎቹ ከፊት ደጅ ሄደው ቆሙ። ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ ውኃ እንኳ አይቀምስም። አጎቷ ወጥተው፣ መኪናውን ያላዩ መስለው፣ “ምን እግር ጣላችሁ?” ሲሏቸው ከወጥ ቤት እንሰማለን። አለቃ በረጅሙ ጀመሩ።

እኔና እሷ ጨለማው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመናል። አንድ ነገር መንገዱን ሁሉ ሲከነክነኝ ነበርና ጠየቅኋት። “ይርጋነሽ፣ ሁዳዴን እንግዲህ በምን ልትጾሚ ነው?”

“በሽሮ ነዋ እትዬ። እኔ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም። ለሰው እሠራለሁ እንጂ ሽታው ያጥወለውለኛል።”

ቁጣዬ ሊመለስ ዳር ዳር አለ። “ታዲያ ያን ሁሉ ለምን አልሽው?”

“እንዲቀር ነዋ” አለች። “ከእሱ በፊት የመጡትንም እንዲሁ እያልኩ ነው የሸኘሁ። ለአንዱ ‘ፎቅ ሥራ’ አልኩት፤ ለአንዱ ‘ጣና ዳር ቤት ፈልግልኝ’ አልኩት። ስቀው ሄዱ፤ ከዚያ ሌላ አገቡ። እኔም እውነታቸውን ነው፣ ማን ለኔ ብሎ ይደክማል አልኩ። በኋላ ፋንታ መምጣት ጀመረ። ‘ዛሬ እስከ ጉልበቱ ደረሰ’ ይለኛል። ሌላ ቀን ‘እስከ ወገቡ ገባ’ ይለኛል። እኔ አልጠይቀውም፤ ግን መኪናውን ስሰማ ድስቱን ጥዬ እወጣለሁ። ትከሻው ድረስ ደረሰ ያለኝ ቀን ወጡ አረረብኝ። እትዬ፣ ለእኔ ብሎ ማንም አንድ አካፋ አፈር አንስቶ አያውቅም።”

እጇን ያዝኩ፤ እሷም አጥብቃ ያዘችኝ።

ከውጭ አለቃ ንግግራቸውን ጨረሱ። አጎቷ ወደ ጓዳው በኩል ጠጋ ብለው፣ “ይርጋነሽ፣ ሰምተሻል። ሰዎቹ ቆመዋል፤ ምን ልበላቸው?” አሉ።

“ይቀመጡ ይበሏቸው” አለች።